አካል ክፍል ውስጥ፣ ልብ ሌላ ቦታ፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የመማር ፍላጎት ምን ይመልሰዋል?

የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ጥር 2015 ይፋ ሲደረግ የተሰማው ቁጥር ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስደንግጦ ነበር። ለፈተናው ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ30 ሺህ በታች፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ማሳለፍ አልቻሉም። ውጤቱ በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ።

ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዛውሮ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት የጀመረው በዚያው በ2014 ዙር ነበር። ኩረጃው ሲቀንስ ለዓመታት ተሸፍኖ የቆየው ነገር ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስለ ፈተናው አሰጣጥ፣ ስለ መምህራን ብቃትና ስለ መጻሕፍት እጥረት ብዙ ተብሏል። በየትምህርት ቤቱ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ግን ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ቅሬታ ሌላ ነው፦ “የዘንድሮ ተማሪ የመማር ፍላጎት የለውም።”

ይህ ቅሬታ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በናይሮቢም፣ በካምፓላም፣ በዳሬሰላምም ይሰማል። ቅሬታው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ተማሪዎች ይፎርፋሉ፤ የመጡትም ኖት ገልብጠው ይወጣሉ። ነገር ግን “ፍላጎት የለውም” የሚለው አባባል ነገሩን የልጁ ጠባይ አድርጎ ይደመድመዋል። ስለ ተማሪዎች ተነሳሽነት የተሠሩ ጥናቶችና በቀጣናው የተሞከሩ አሠራሮች የሚያሳዩት ግን ፍላጎት በአብዛኛው ክፍል ውስጥ በሚሆነውና ከትምህርት በኋላ በሚጠብቀው ነገር የሚበቅል ወይም የሚደርቅ መሆኑን ነው።

ሁለቱ ያልተነገሩ ጥያቄዎች

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ጃክሊን ኤክልስና ባልደረቦቻቸው ከ1980ዎቹ አንስቶ ያዳበሩት ንድፈ ሐሳብ ነገሩን ቀለል አድርጎ ያስረዳል። ማንኛውም ተማሪ ጉልበቱን ለአንድ ትምህርት ከመስጠቱ በፊት፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ ሁለት ነገር ራሱን ይጠይቃል። “ብሞክር ይሳካልኛል ወይ?” እና “ቢሳካልኝስ ምን ይጠቅመኛል?” የሁለቱም መልስ “አዎ” ከሆነ ይሠራል። አንዱ እንኳ ከጎደለ ምክርም ሆነ ቁጣ ብዙ ርቀት አያስኬደውም።

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ለሚገኙ ብዙ ታዳጊዎች ሁለቱም መልሶች አጠራጣሪ ናቸው።

ሁለተኛውን ጥያቄ አስቀድሞ ማየት ይቻላል፤ መልሱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ያለ ነውና። በወሎ ገጠር ያለች የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከሳዑዲ የተመለሰች ጎረቤቷ ለወላጆቿ ቤት ስትሠራ ታያለች፤ ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣ ወንድሟንም ታያለች። ስደቱ የሚያስከፍለውን ዋጋ ሳትሰማ ቀርታ አይደለም። ግን ስሌቱን ትሠራለች። ይህችን ልጅ “ሰነፍ” ብሎ መጥራት ያየችውን እንዳላየች መቁጠር ነው።

ኤርትራ ደግሞ የነገሩን ጫፍ ታሳያለች። ከ2003 ጀምሮ በአገሪቱ የሚማር ተማሪ የመጨረሻውን የ12ኛ ክፍል ዓመት የሚያሳልፈው በሳዋ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ነው፤ ከዚያ የሚጠብቀው ደግሞ ማብቂያው የማይታወቅ ብሔራዊ አገልግሎት ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2019 ባወጣው ሪፖርት ሳዋ ላለመድረስ ሆን ብለው ክፍል የሚደግሙና ትምህርት የሚያቋርጡ ታዳጊዎች መኖራቸውን አስፍሯል። እዚያ ጎበዝ ተማሪ መሆን ማለት ወደማይፈለገው ቦታ ቶሎ መድረስ ነው። የትኛውም የማስተማር ስልት ይህን ብቻውን አይፈታውም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ግን፣ “ብሞክር ይሳካልኛል ወይ?” የሚለው፣ በብዛት የሚመለሰው ክፍል ውስጥ ነው።

የማይገባ ቋንቋ

በኢትዮጵያ ተማሪው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በአፍ መፍቻው ወይም በአካባቢው ቋንቋ ይማርና እንደየክልሉ ከ7ኛ ወይም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። በታንዛኒያ ሙሉውን የመጀመሪያ ደረጃ በስዋሂሊ የተማረ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ የባዮሎጂ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ያገኘዋል። ለውጡ የሚመጣው ትምህርቱ ራሱ በሚከብድበት ዓመት ነው።

ከዚህ በታች ያለው መሠረትም የላላ ነው። የዓለም ባንክ ግምት እንደሚያሳየው በኢትዮጵያ ከ10 የአስር ዓመት ልጆች ዘጠኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ 9ኛ ክፍል ይደርሳሉ። ንባቡ ያልጠና ልጅ በሦስተኛ ወይም በሁለተኛ ቋንቋው ስለ ኬሚካል ትስስር ሲነገረው ዝም ማለቱ ያስደንቃል?

ዝምታው መከላከያም ነው። በ16 ዓመት ዕድሜ በጓደኞች ፊት በእንግሊዝኛ ተሳስቶ መሳቂያ ከመሆን የከፋ ነገር የለም። ስለዚህ ተማሪው አንገቱን ይደፋል፤ መምህሩ “ገባችሁ?” ሲሉ ከሁሉም ጋር “አዎ” ይላል። መምህሩ ወደሚቀጥለው ርዕስ ያልፋሉ። በዚህ ሁኔታ ብዙ መምህራን የሚወስዱት እርምጃ ሐሳቡን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በስዋሂሊ አስረድቶ ቃሉን በእንግሊዝኛ መመለስ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ይህ እንደ ጥፋት ይታያል። ተማሪው ግን በርዕሱ ላይ አፉን የሚፈታው በአብዛኛው በዚያች ቅጽበት ነው።

ጥያቄ የማይቀበለው መምህር

የተሳትፎን ነገር ከኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ታሪክ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። በ2004፣ ማለትም በ1996 እና 97 ዓ.ም ገደማ፣ መንግሥት በአገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች እስከ ዛሬ “ፕላዝማ” እያሉ የሚያስታውሱትን የሳተላይት ትምህርት ጀመረ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጁ የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የሌሎች ትምህርቶች ስርጭቶች በአንድ ሰዓት ወደ ሁሉም ክፍሎች ይተላለፉ ነበር።

ዓላማው የሚነቀፍ አልነበረም። የሠለጠነ የሳይንስ መምህር ባልነበረበት ወረዳ የሚማር ልጅ በአዲስ አበባ ካለው ልጅ እኩል ትምህርት እንዲያገኝ ነበር የታሰበው። ቤተ ሙከራ አይተው የማያውቁ ተማሪዎች ሙከራ ሲሠራ በምስል ያዩበት ጊዜም ነበር፤ ይህን በበጎ የሚያነሱ ዛሬም አሉ።

ችግሩ ስርጭቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መሄዱ ነበር። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ክፍል የሚወስደው የቴሌቪዥኑ መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ ያስተምርና ጥያቄ ጠይቆ ለጥቂት ሰከንዶች ይጠብቃል፤ ከዚያ መልሱን ራሱ ተናግሮ ይቀጥላል። ተማሪው ጥያቄውን በደብተሩ ጽፎ ሳይጨርስ ሌላ ርዕስ ይመጣል። ማቆም አይቻልም፤ መመለስም አይቻልም። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው።

የክፍሉ መምህር ደግሞ መግቢያና መዝጊያ ላይ የተረፉትን ደቂቃዎች ይዘው ዳር ላይ ቆሙ። ተማሪዎቻቸውን በስም የሚያውቁት፣ ማን እንደተደናገረ ከፊቱ ማንበብ የሚችሉት እሳቸው ነበሩ። ሥርዓቱ ግን ይህን እውቀታቸውን የሚጠቀምበት ቦታ አላበጀለትም። የፕላዝማ ዘመን ተማሪዎች ብዙዎቹ የሚያስታውሱት ስክሪኑን እያዩ ሌላ ነገር ማሰብን ነው። ዛሬ በየአገሩ “ታብሌት እናስገባ፣ በስክሪን እናስተምር” የሚሉ ዕቅዶች ሲቀርቡ ከዚህ ልምድ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ መሣሪያው የተማሪውን ጥያቄ የሚቀበለው በየት በኩል ነው?

አንድ ኮምፒውተር የነበረው ትምህርት ቤት

በኬንያ ናኩሩ አውራጃ ንጆሮ አቅራቢያ የሚገኘው ኬሪኮ ትምህርት ቤት ከዚህ ፍጹም የተለየ መንገድ ሄዷል። አካባቢው ድርቅ የሚደጋገምበት ነው። አብዛኞቹ ተማሪዎች ከድሃ ቤተሰብ የመጡ ናቸው፤ ወደ ሲሶ የሚጠጉት ወላጅ አልባ ወይም በአንድ ወላጅ የሚያድጉ ነበሩ። ለ58 ተማሪ አንድ መምህር ይደርስ ነበር። ኮምፒውተሩ አንድ ብቻ፣ ኢንተርኔቱም ደካማ ነበር።

የሳይንስ መምህሩ ፒተር ታቢቺ በመጋቢት 2019 ዱባይ ላይ የአንድ ሚሊዮን ዶላር የዓለም አቀፍ መምህራን ሽልማትን ሲያሸንፉ የዓለም መገናኛ ብዙኃን የዘገበው በዋናነት የፍራንሲስካን ገዳም ወንድም የሆኑት እኚህ ሰው የደመወዛቸውን 80 በመቶ ለችግረኞች መስጠታቸውን ነው። ለሌሎች መምህራን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ክፍል ውስጥና ከክፍል ውጭ ያደረጉት ነው።

ታቢቺ ኢንተርኔት ካፌ ሄደው የሚያስፈልጋቸውን አውርደው ያመጡና ያለ ኢንተርኔት ክፍል ውስጥ ይጠቀሙበታል። ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ወደኋላ የቀሩ ተማሪዎችን በሒሳብና በሳይንስ ለብቻ ያስጠናሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ቤታቸው ድረስ ይሄዳሉ። የተሰጥኦ ማሳደጊያ ክበብ አቋቁመው ተማሪዎች የራሳቸውን የሳይንስ ሥራ እንዲነድፉ አደረጉ። ዓይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው ሰዎች ነገሮችን እንዲለኩ የሚያግዝ መሣሪያ የሠሩ የትምህርት ቤቱ ሴት ተማሪዎች በአሜሪካ አሪዞና በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ውድድር ለመሳተፍ አለፉ። ከአካባቢው ዕፅዋት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የሞከረው ቡድን ደግሞ ከብሪታኒያው የሮያል ኬሚስትሪ ማኅበር ሽልማት አገኘ።

በሦስት ዓመት ውስጥ የተማሪው ቁጥር በእጥፍ አድጎ 400 ደረሰ። በሳምንት 30 ይደርስ የነበረው የሥነ ሥርዓት ጥፋት ወደ ሦስት ወረደ። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ልብ ሊባል ይገባል። ሥነ ሥርዓቱ ቀድሞ ተስተካክሎ አይደለም ትምህርቱ የተጀመረው፤ ተማሪዎቹ የራሳቸው የሚሉት ሥራ ሲያገኙ የሚረብሹበት ምክንያት ቀነሰ።

በእርግጥ ደመወዛቸውን አሳልፈው በሚሰጡ መምህራን ላይ የአገር የትምህርት ሥርዓት አይገነባም። በኡጋንዳ መንግሥት የሳይንስ መምህራንን ደመወዝ ለይቶ ወደ አራት ሚሊዮን ሽልንግ ሲያሳድግ የሌሎች ትምህርቶች መምህራን ሰኔ 2022 ሥራ አቁመው ነበር። በአንድ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በደመወዝ እጅግ የተራራቁ ሰዎች ባሉበት ትምህርት ቤት የታሪክ መምህሩ ተማሪን ለማነሳሳት የሚተርፍ መንፈስ ከየት ያመጣሉ የሚለው ጥያቄ እስካሁን አልተዘጋም።

ፊልም ያሳለፋቸው ተማሪዎች

ከኡጋንዳ የተገኘ ሌላ ማስረጃ “ይሳካልኛል” የሚለው እምነት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳያል። ኤማ ራይሊ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በካምፓላ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በዕጣ በሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ከብሔራዊ ፈተናው ጥቂት ቀደም ብሎ “ኩዊን ኦቭ ካትዌ” የተሰኘውን የ2016 ፊልም ተመለከተ። ፊልሙ በካምፓላ የድሆች ሰፈር ካትዌ ያደገችው ፊዮና ሙቴሲ ቼዝ ተምራ ለዓለም አቀፍ ውድድር የደረሰችበትን እውነተኛ ታሪክ የሚተርክ ነው። ሌላው ቡድን ከዚህ ጋር የማይገናኝ ፊልም አየ።

“ኩዊን ኦቭ ካትዌ”ን ካዩት የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች መካከል በሒሳብ የሚወድቁት ቁጥር ቀነሰ፤ ለውጡ በተለይ የታየው በሴቶችና በትምህርታቸው ደከም ባሉት ላይ ነበር። ፊልሙ ሒሳብ አላስተማረም። የሚመስሏቸውን፣ እንደነሱ ያለ ሰፈር ያደገችን፣ በመጀመሪያ ተሸንፋ በኋላ ያሸነፈችን ልጅ ነው ያሳያቸው።

ከዚህ ተነስቶ ሁሉም ትምህርት ቤት ፊልም ያሳይ ማለት አይደለም። ነገር ግን በየዓመቱ መጨረሻ የክብር እንግዳ ተጋብዞ “በርቱ” ብሎ ከሚሄድ፣ ከዚያው ትምህርት ቤት ወጥታ አሁን በወረዳው ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ መጥታ ፊዚክስ ስንት ጊዜ እንደወደቀችና እንዴት እንዳለፈችው ብትናገር የበለጠ ሊሰማ እንደሚችል መገመት አይከብድም። ወጪውም የሻይ ነው።

60 ተማሪ ባለበት ክፍል

መምህራን ስለ ተሳትፎ ሲነሳ የሚያቀርቡት ምላሽ የታወቀ ነው፤ 60 እና 70 ተማሪ ሦስት ሦስት ሆኖ በተደረደረበት ክፍል ይህ እንዴት ይሆናል? ተገቢ ጥያቄ ነው። ብዙ ሥልጠናዎችም 25 ተማሪ ላለው ክፍል የተዘጋጁ ይመስላሉ።

የክፍሉን ብዛት ሳይቀይሩ የሚሠሩ ጥቂት ነገሮች ግን አሉ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው ከ50 ዓመታት በፊት በመምህራን ላይ ባደረጉት ጥናት አንድ መምህር ጥያቄ ጠይቆ መልስ የሚጠብቀው በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን ደረሱበት። ይህ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩት መናገር ጀመሩ፣ “አላውቅም” የሚለውም ቀነሰ። ሦስት ሰከንድ በዝምታ መቆም ቀላል ይመስላል፤ የሞከሩት ግን ረጅም ሆኖ ይሰማቸዋል። በእንግሊዝኛ የተጠየቀውን በልቡ ተርጉሞ፣ አስቦ፣ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ለሚያዞር ተማሪ ደግሞ ሦስቱም አይበቃም።

ሌላው፣ ጥያቄው ለክፍሉ ከቀረበ በኋላ እጅ ያወጣው ሰቃይ ተማሪ ወዲያው ከመጠራቱ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ አጠገቡ ካለው ጋር ለአንድ ደቂቃ እንዲነጋገር ማድረግ ነው። በአንድ መቀመጫ ላይ ሦስት ሆኖ መቀመጥ ለዚህ ብቻ እንኳ ይመቻል። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ቢነጋገሩም ችግር የለውም። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ተማሪ የሚናገረው የራሱን ብቻ ሳይሆን “እኛ ያልነውን” ስለሆነ የመሳሳት ፍርሃቱ ይቀላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የቡድን ሥራ ሲነሳ ወዲያው የሚታወሰው “አንድ ለአምስት” ነው። አንድ የተሻለ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን እንዲደግፍ የታሰበው አደረጃጀት በብዙ ቦታ የስም ዝርዝርና የአቀማመጥ ለውጥ ሆኖ ቀረ፤ ከፖለቲካ አደረጃጀት ጋር መመሳሰሉም አልጠቀመውም። የቡድን አባላት የቤት ሥራውን አንድ ሰው ይሠራና ሌሎቹ ይገለብጡ ነበር። ያልተሠራው ነገር ለእያንዳንዱ አባል የሚሠራው ድርሻ መስጠት ነበር።

ዱላና ሽልማት

ብዙ ወላጆችና አንዳንድ መምህራን መፍትሔውን በቁጥጥርና በቅጣት ይፈልጉታል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ኬንያም በ2001 በትምህርት ቤት መግረፍን ከልክላለች። ዱላው ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ዱላ ተማሪውን በወንበሩ ላይ ሊያቆየው ይችላል። “ብሞክር ይሳካልኛል ወይ?” ለሚለው ግን የሚሰጠው መልስ፣ ሞክሮ መሳሳት ያስመታል የሚል ነው።

ሽልማትስ? እዚህ ላይ ማስረጃው ወጥ አይደለም። ኤድዋርድ ዴሲ በ1971 ባሳተሙት ሙከራ እንቆቅልሽ ለመፍታት ገንዘብ የተከፈላቸው ተማሪዎች ክፍያው ሲቆም በትርፍ ጊዜያቸው እንቆቅልሹን የመንካት ፍላጎታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። በሌላ በኩል በምዕራብ ኬንያ ቡሲያ በ6ኛ ክፍል ሴቶች ላይ የተሞከረ በውጤት ላይ የተመሠረተ የነፃ ትምህርት ዕድል የልጃገረዶቹን ውጤት ከፍ አድርጓል። የማሸነፍ ዕድል ያልነበራቸው ደካማ ተማሪዎች ጭምር ተሻሽለዋል፤ የመምህራን መቅረትም ቀንሷል። ልዩነቱ ከምን እንደመጣ መረዳት ይቻላል። በቡሲያ ሽልማቱ ራሱ ትምህርትን ለመቀጠል የሚያስችል ክፍያ ነበር፤ ወላጅንም መምህርንም አብሮ አነቃንቋል። በየወሩ ለአንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ደብተር መሸለም ግን ከአራተኛ እስከ ስልሳኛ ላሉት የሚናገረው ነገር የለም።

ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሯል፤ ፈተናውስ?

የቀጣናው መንግሥታት ችግሩን አላዩም ማለት አይቻልም። ኡጋንዳ በ2020 ለዝቅተኛው ሁለተኛ ደረጃ ባወጣችው ሥርዓተ ትምህርት ተማሪዎች በየዓመቱ የፕሮጀክት ሥራ ይሠራሉ፤ ከመጨረሻው ውጤት 20 በመቶው ክፍል ውስጥ ከሚደረግ ምዘና ይመጣል። ኬንያ ከ1985 ጀምሮ የቆየውን 8-4-4 የተሰኘ ሥርዓት ትታ ተማሪዎች ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ በማኅበራዊ ሳይንስ ወይም በኪነ ጥበብና ስፖርት መስክ እንዲመርጡ የሚያደርግ አሠራር ዘርግታለች። ኢትዮጵያም አዲስ ሥርዓተ ትምህርትና አዲስ መጻሕፍት ይዛ መጥታለች።

መምረጥ መቻል ለተማሪው “ይህ የኔ ነው” የሚል ስሜት እንደሚሰጥ የታወቀ ነው። ነገር ግን የሳይንስ መስክ የመረጠ ልጅ የሚማርበት የገጠር ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ከሌለው፣ ሙዚቃ የመረጠችውም መምህር ካልተመደበላት ምርጫው በወረቀት ላይ ይቀራል። በኡጋንዳም 80 በመቶው አሁንም ያለው በመጨረሻው ፈተና ላይ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ መግባት አለመግባቱን የሚወስነው በጥቂት ቀናት የሚጠናቀቀው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ይህ እስካለ ድረስ ትምህርቱን አቁመው ተማሪዎቻቸውን ለማነጋገር የሚሞክሩ መምህር “ቻፕተሩን አልጨረሱም” ተብለው ሊጠየቁ ይችላሉ። ብዙ ጊዜም ቅሬታውን የሚያቀርቡት ርዕሰ መምህሩ ወይም ወላጆች ብቻ አይደሉም፤ በፈተናው የተጨነቁት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።